መዳፍ በምን ይዞራል?

ይህ ምልልስ የተደረገው ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን፣ በአንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና በሚፈላበት በረንዳ ላይ ነው። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ ቁም ጸሐፊና የንባብ መምህር፣ ሁለተኛው በልጅነቱ ከእሳቸው እግር ሥር ፊደል ቈጥሮ ዳዊት የደገመ፣ ኋላ ግን የአጥንት ሕክምና ተምሮ ሐኪም የሆነ ሰው። እኔ ሦስተኛ ሆኜ ስኒ ከመቀበል በቀር ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ የሰማሁትን ሁሉ ጻፍሁት፤ የሐኪሙን ንግግር ሲረዝምብኝ አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፤ የየኔታን ግን ማሳጠር አልደፈርሁም።

የኔታ፦ ልጄ፣ የመጣሁት ለቡናው አይደለም፤ ይህን ቀኝ እጄን ላሳይህ ነው። በጥምቀት ሰሞን ለኪዳን በጨለማ ስገሠግሥ የደጀ ሰላሙ ደረጃ አዳለጠኝና መዳፌን መሬት ላይ ተክዬ ወደቅሁ። ወጌሻው ስቦ አቃናልኝ፤ በቀርከሃ አስሮም ስድስት ሳምንት አቈየኝ። ከተፈታሁ በኋላ ልጆቼ አላስቀምጥ ብለው አንድ ክሊኒክ ወሰዱኝ፤ እዚያም ራጅ አንሥተው «አጥንቱ ገጥሟል፤ ይሂዱ» አሉኝ። መግጠሙን እኔም አልክድም፤ ብዕር ይይዛል፣ መቋሚያ ይጨብጣል፣ በር ይገፋል። ነገር ግን በዚህ ፍልሰታ፣ ቅዳሴ አልቆ የቅዳሴ ጠበል ልቀበል እጆቼን ብዘረጋ፣ ግራ መዳፌ እንደ ጽዋ ሲከፈት ቀኙ በጠርዙ ቆሞ ቀረ፤ ዲያቆኑ ያፈሰሰልኝ ጠበልም በትንሿ ጣቴ ወገን ወርዶ ነጠላዬን አራሰው። ከኋላዬ የነበሩት ሕፃናት ሳቁ። ሰባት ወር ሙሉ ዳነ ስለው የነበረው እጅ አለመዳኑን ያን ዕለት ዐወቅሁ።

ሐኪሙ፦ የኔታ፣ እስቲ ሁለቱንም ክርንዎን ከጎንዎ ያጣብቁልኝ። እንዲህ፤ ክንዶችዎ ወደ ፊት ይዘርጉ፣ አውራ ጣቶችዎ ወደ ሰማይ ይቁሙ። አሁን መዳፎችዎን ወደ መሬት ይድፉ። መልካም፤ ሁለቱም እኩል ለመሆን ምንም አልቀራቸው። አሁን ደግሞ ወደ ሰማይ ያንጋልሉ።

የኔታ፦ ግራው ተንጋለለ፤ ቀኙ ይኸው ከመንገድ ቀረ። ሳስገድደውም እዚህ፣ በትንሿ ጣት ወገን፣ አንጓው ላይ ይቈጠቍጠኛል። እንግዲህ አንጓዬ ዝጓል ማለት ነዋ።

ሐኪሙ፦ ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ስብራቱ በአንጓ አጠገብ ስለ ሆነ ሁሉም አንጓውን ያያል፣ አንጓውን ያሻል፣ በአንጓው ያመካኛል፤ የእጅ አንጓ ግን መዳፍን የማንጋለል ሥልጣን የለውም። እጅን ወደ ላይ ያነሣል፣ ወደ ታች ያጥፋል፣ ወደ አውራ ጣትና ወደ ትንሿ ጣት ያዘነብላል፤ በዚህ ያበቃል። ካላመኑኝ በቀኝ እጅዎ ጤነኛውን የግራ ክንድዎን ከአንጓው ከፍ ብለው ጠበቅ አድርገው ይያዙትና የግራ መዳፍዎን ለማዞር ይሞክሩ።

የኔታ፦ እምቢ አለ። ጥቂት ይነቃነቃል እንጂ አይዞርም። የያዝሁት ክንዴን፣ የታሰረው እጄ!

ሐኪሙ፦ የሚዞረው ክንዱ ስለ ሆነ ነዋ፤ እጅ ተከታይ ነው። ከክርን እስከ አንጓ ያለው፣ እርስዎ በግእዝ እመት የሚሉት ብልት፣ ከውጭ ሲታይ አንድ ዘንግ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። በአውራ ጣት ወገን ያለውን ሐኪሞች ራዲየስ፣ በትንሿ ጣት ወገን ያለውን ኡልና ይሉታል። ቃሎቹ የላቲን ናቸው፤ ራዲየስ ማለት የመንኰራኵር ዘንግ፣ ደግሞም ጨረር ማለት ነው፤ እኛ ከጣልያን ተቀብለን «ራጅ» የምንለውም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ኡልና ደግሞ ክርንም ክንድም ማለት ሲሆን፣ በዚያው ስም ርዝመት ይለኩበት ነበር።

የኔታ፦ እንግዲያስ ከእኛ ጋር ተስማሙ! የኖኅ መርከብ ርዝመቷ 300 ክንድ አይደለምን? የመልክእ ደራሲዎችም ከኵርናዕ ተነሥተው ወደ እመት፣ ከእመት ወደ እራኅ፣ ከእራኅ ወደ አጻብዕ እያሉ ብልቱን ሁሉ በየተራው ሰላም ይሉታል። እኔም በዚህ እጄ ስንቱን መልክእ ጻፍሁ። ነገር ግን እመት ሁለት ናት ያለኝ፣ በእመትና በእራኅ መካከልም ሌላ መለያልይ ተሸሽጓል ያለኝ ከቶ አልነበረም።

ሐኪሙ፦ ደራሲዎቹ አይወቀሱም፤ ዓይን ያየውን አመሰገኑ። ከማኅደርዎ ሁለት መቃ ያውሱኝ። ይኸው፣ ጎን ለጎን ሳስተኛቸው የተንጋለለ መዳፍ ይህ ነው፤ ሁለቱ አጥንቶች ሳይነካኩ ተሰልፈዋል። አሁን የአንዱን መቃ የላይ ጫፍ ባለበት አቁሜ የታች ጫፉን በሌላው ላይ ባሻግረው፣ ሁለቱ እንደ መስቀል ተላለፉ፤ የተደፋ መዳፍ ይህ ነው። የተሻገረው ራዲየስ ነው፤ ኡልና ከስፍራው ተነቃነቀ ለማለት አያስደፍርም። እጅ የተያያዘው ከራዲየስ ጋር ነውና ራዲየስ ወደ ሄደበት መዳፉም ጣቱም ተከትሎ ይሄዳል።

የኔታ፦ ቆይ፣ ቆይ። እጅን የያዘው ራዲየስ ከሆነ፣ የሚዞረውም ራዲየስ ከሆነ፣ ያ ኡልና ያልከው ምን ይሠራል? እንደ ሥራ ፈት ቆሞ ይመለከታል?

ሐኪሙ፦ ያስተማሩኝ ቤት በር ትዝ ይለኛል። ብረት ማጠፊያ አልነበረውም፤ በአንዱ ጠርዙ ከላይና ከታች የወጣ ጕጥ ነበረውና፣ ጕጡ በጉበኑና በደፉ በተፈለፈለ ጕድጓድ ገብቶ ይዞር ነበር። በር የሚዞረው የማይዞር ነገር ስላለ ነው። ኡልናም በክርን በኩል ወፍሮ የላይኛውን የክንድ አጥንት እንደ መንጠቆ ጨብጦ ስለ ቆመ፣ ራዲየስ የሚዞርበት ደፍና ጉበን ሆነ። ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ የኡልና ራስ የሚባለው ስፍራ በላይ አይደለም፣ በታች በአንጓ ዘንድ ነው። ራዲየስ በክርን ዘንድ ቀጥኖ፣ ክብ ራስ ይዞ በስፍራው ይሽከረከራል፤ ወደ አንጓ ሲወርድ ግን ሰፍቶ እጅን ይሸከማል። ኡልና በተቃራኒው በላይ ሰፍቶ በታች ይቀጥናል። አንዱ ባለቤት በሆነበት ቤት ሌላው እንግዳ ነው። መዳፍዎን ደፍተው የአንጓዎን ጀርባ ቢያዩ በትንሿ ጣት ወገን ጕብ ያለች አጥንት አለች፤ የኡልና ራስ እርሷ ናት። ጣትዎን በላይዋ አኑረው መዳፍዎን ቀስ እያሉ ያንጋልሉ።

የኔታ፦ (በግራ እጃቸው ላይ ሞክረው) ጠፋች! ከጣቴ ሥር ሰመጠች። በቀኙስ... በቀኙ አልጠፋችም። እንዲያውም ከግራዋ ይልቅ ጐልታ ትታየኛለች።

ሐኪሙ፦ ይህችን ይያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለብራና ስንት ፍየል ገፈዋል?

የኔታ፦ ማን ቈጥሮት።

ሐኪሙ፦ የፍየል የፊት እግር፣ ከጕልበቷ በላይ ያለው አጥንት ስንት ነው?

የኔታ፦ አንድ ነዋ። ከኋላው እንደ ስንጥር የተለጠፈች ነገር አለችው እንጂ፤ እርሷም አትላቀቅም።

ሐኪሙ፦ ያች ስንጥር ኡልና ናት። በፍየል፣ በበግ፣ በላም፣ በፈረስም ኡልና ከራዲየስ ጋር ተጣብቃ አንድ ሆናለች፤ ስለዚህ ፈረስ የኮቴውን ሥር ወደ ሰማይ ማንጋለል አይችልም፤ ለሩጫው ደግሞ ባይችል ይሻለዋል። ጦጣና ዝንጀሮ ግን ሁለቱ አጥንቶች ተለያይተውላቸዋልና ቅርንጫፍ ጨብጠው፣ ፍሬ ቀጥፈው ወደ አፋቸው ይመልሳሉ። እኛም እንዲሁ፤ መዳፍ ተደፍቶ ከመሶብ ይቈርሳል፣ ተንጋሎ ወደ አፍ ይወስዳል።

የኔታ፦ አንድም ያጐርሳል በል። ጕርሻ የመጣው ከዚህ ነው ማለትህ ነው! ባለቤቴ ከፋሲካ ወዲህ «ማጕረስ ተውህ» እያለች ታማኛለች፤ ፍቅር የቀነሰ መስሏት። እኔ ራሴም ለምን እንደ ተውሁ አላሰብሁትም።

ሐኪሙ፦ እንግዲህ የዚህ ሁሉ መክፈቻ ወደ ሆነችው ስፍራ እንግባ። በራዲየስ የታች ጫፍ ጎን ላይ እንደ ጨረቃ ስባሪ የጐደጐደች ስፍራ አለች፤ የኡልና ክብ ራስ እርሷን ተደግፎ ይቀመጣል። ሐኪሞች የራዲየስና የኡልና የታችኛው መጋጠሚያ ይሏታል፤ ስሟ ረጅም፣ ቁመናዋ ግን ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ ነው። አናጢ ቢሆን ጕድጓዱን በራሱ ልክ ይፈለፍለው ነበር። እዚህ ግን እንዲያ አይደለም፤ የኡልና ራስ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጕድጓዱ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሚሆን ሰፊ ክበብ እንደ ተቈረጠ ቅስት ነው።

የኔታ፦ ይህማ የሰነፍ አናጢ ሥራ ነው። ጠባቡን በሰፊው ውስጥ ብታስቀምጠው ይላወሳል።

ሐኪሙ፦ ይላወሳልም። ሲዞር መዞር ብቻ አይደለም፣ አብሮ ይንሸራተታል፤ መዳፍ ሲደፋ የኡልና ራስ ወደ እጅ ጀርባ ፈቀቅ ብሎ ይጐላል፣ ሲንጋለል ወደ መዳፍ ወገን ይሸሻል፤ ከጣትዎ ሥር የጠፋችውም ስለዚህ ነው። ልኩ ስላልጠበቀ ነው ይህን ያህል የሚዞረው፤ ጤነኛ ሰው አውራ ጣቱን ወደ ሰማይ ካቆመበት ተነሥቶ ወደ እያንዳንዱ ወገን 80 ዲግሪ ያህል ያዞረዋል። ነገር ግን ይህ አርነት በዋጋ የተገዛ ነው፤ መጋጠሚያዋን ጸንታ እንድትቆም ከሚያደርጋት ኃይል የአጥንቱ ድርሻ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነውና የቀረው ሁሉ በጅማትና በጡንቻ ላይ ተጥሏል። እርስዎ ብራና በእንጨት መወጠሪያ ላይ እንደሚወጥሩት፣ በዚህም ስፍራ ሦስት ማዕዘን ያለው አንድ ልባስ ተወጥሯል፤ መሠረቱ በራዲየስ ጠርዝ ላይ ተሰፍቶ፣ ሹል ጫፉ በኡልና ራስ ግርጌ ካለች ጥቂት ጕድጓድ ጋር ታስሯል። የፊትና የኋላ ጠርዙ ጽኑ ጅማት ነው፣ መሐሉ ልም አጥንት። ራዲየስ በኡልና ዙሪያ ሲሄድ ከኡልና እንዳይፋታ አድርጎ የሚይዘው ይህ ነው፤ በኡልና ራስና በአንጓ ትናንሽ አጥንቶች መካከል ገብቶ እንዳይፋጩ የሚከለክለውም ይኸው ነው። ፓልመርና ወርነር የሚባሉ አሜሪካውያን በ1981 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱን ክፍል ፈትሸው ለጠቅላላው አንድ የወል ስም እስኪሰጡት ድረስ፣ እያንዳንዱ ሐኪም በየፊናው ይጠራው ነበር።

የኔታ፦ ብራና ያረጃል፤ ይቀደዳልም። ይህስ?

ሐኪሙ፦ ይቀደዳል፤ በሽማግሌ ላይ ሳያምም መሐሉ ሳስቶ ሲበሳም እናያለን። ክፋቱ ደም የሚደርሰው ዳር ዳሩን ብቻ ነው፤ ዳሩ ቢቀደድ ሊጠግግ ይችላል፣ መሐሉ ቢቀደድ ግን በራሱ አይጠግግም።

የኔታ፦ እኔ የተቀደደ ብራና በመርፌና በክር እሰፋለሁ። እናንተስ?

ሐኪሙ፦ ዳሩን እኛም እንሰፋለን። መሐሉን ግን የተንጠለጠለውን ከርክመን እንተወዋለን እንጂ አንሰፋውም። አሁን ወደ እርስዎ እጅ ልመለስ። መዳፍ ተደግፎ ሸክም ሲመጣበት ከሸክሙ 80 ከመቶ ያህሉ በራዲየስ፣ 20 ከመቶ ያህሉ በኡልና በኩል ወደ ክርን ያልፋል። እነዚያው ሁለት ሰዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሬሳ ክንድ ላይ ኡልናን በ2.5 ሚሊ ሜትር ቢያረዝሙት ድርሻው ወደ 42 ከመቶ አሻቀበ፤ ያንኑ ያህል ቢያሳጥሩት ደግሞ ወደ 4 ከመቶ ገደማ ወረደ።

የኔታ፦ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል! በወፍራም መቃ የጻፍሁት የአንድ ፊደል እግር ወርድ ያህል አይደለምን? በዚያች ሸክሙ እጥፍ ሆነ?

ሐኪሙ፦ እጥፍ ሆነ። እርስዎ መዳፍዎን ተክለው ሲወድቁ ራዲየስ ከአንጓው ጥቂት ከፍ ብሎ ተሰበረ። በዚህ ዓይነት ስብራት በእጅ ጀርባ ወገን ያለው አጥንት ይደቅቃል፤ ራዲየስም ያጥራል፣ ወደ ኋላም ያዘነብላል፤ ከጎን ሲታይ እጅ የተጋደመ ሹካ ይመስላል። የጤነኛ ራዲየስ የታች ገጽ 11 ዲግሪ ያህል ወደ መዳፍ ያጋደለ ነው፤ የእርስዎ ግን፣ በጣቴ እንደሚሰማኝ፣ ወደ ጀርባ ዞሯል። እንግዲህ አጥንቱ ገጠመ፤ ነገር ግን አጥሮና ተንጋዶ ገጠመ። ያች የጨረቃ ስባሪ የምትመስለው ጕድጓድ ከራዲየስ ጋር አብራ ወደ ክርን ስለ ሸሸችና ስለ ዞረች ከኡልና ራስ ጋር ፊት ለፊት አትገናኝም፤ ኡልና ራሱ ምንም ሳይሆን ረዘመ፣ ጐላ፣ ሦስት ማዕዘኑን ልባስም ገፋው። ጕብታዋ በቀኙ ያልጠፋችው፣ ሲያስገድዱት የሚቈጠቍጥዎም ስለዚህ ነው። ደፉ በአንድ ወገን የሰመጠ በር አይተው የለም? ሳንቃው ሳይሰበር ግማሽ መንገድ ላይ ይነክሳል።

የኔታ፦ ደፉን የሚያቃና አናጢ ነው እንግዲህ የሚያስፈልገኝ። ፈረንጆቹስ ይህን ነገር ከጥንት ያውቁት ኖሯል?

ሐኪሙ፦ ስብራቱን እንጂ መጋጠሚያዋን አይደለም። በ1814 እ.ኤ.አ. አብርሃም ኮሊስ የተባለ የደብሊን ሐኪም ይህን የራዲየስ ስብራት በሚገባ ገልጾ ጻፈ፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ራጅ የተገኘው በ1895 ነውና፣ ኮሊስ ያን ሁሉ ያወቀው 81 ዓመት ቀድሞ በጣቱ ዳሰሳ ብቻ መሆኑን ሳስብ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። ነገር ግን እርሱም ቢሆን ጕብጠቱ ባይጠፋ እንኳ እጁ ውሎ አድሮ እንቅስቃሴውን ሁሉ ይመልሳል ብሎ ተስፋ ሰጥቶ ነበር።

የኔታ፦ ወጌሻዬም ያለኝ ይህንኑ ነው! «ጠማማ ቢመስልም ይፈታታል» አለኝ።

ሐኪሙ፦ እንግዲህ ወጌሻዎ ከትልቅ ሰው ጋር ነው የተሳሳተው። በብዙ ሽማግሌዎች ላይ ቃላቸው ይሠምራል፣ እውነቱ ይነገር፤ አጥንታቸው ተንጋዶ ገጥሞ ያለ ችግር የሚኖሩ አሉ። ይህ ግን በሁሉ ላይ አይሠራም።

የኔታ፦ አሁን ወጌሻውን ልትነቅፍ ነው።

ሐኪሙ፦ ስለ ሳበው አልነቅፈውም፤ እኛም እንስባለን። እኔ የምፈራው ማሰሪያውን ነው። ቀርከሃው ጠብቆ ደም ተከልክሎባቸው፣ ጣታቸው ጠቍሮ፣ በመጨረሻው እጃቸው የተቈረጠ ሕፃናት በየሆስፒታሉ ታይተዋል፤ ጣት ሲያብጥ፣ ሲደነዝዝ ወይም ሲቀዘቅዝ ያን ሌሊት ሳያድር መፈታት አለበት። የእርስዎ ወጌሻ በዚህ ረገድ ንጹሕ ነው። ይልቅ የምነቅፈው የእኛን ወገን ነው። አንድ ራጅ ፊት ለፊት አንሥቶ፣ ከጎን ሳያነሣ፣ «አጥንቱ ገጥሟል» ብሎ ማሰናበት የአናጢ ቋንቋ ነው፤ «እስቲ መዳፍዎን ወደ ሰማይ ያዙሩ» ብሎ ለመጠየቅ የሚፈጀው ጊዜ ግን ስኒ ከማንሣት አይበልጥም ነበር።

የኔታ፦ እኔስ ብሆን? ሰባት ወር ስጽፍበት የከረምሁት እጅ ነው። እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ?

ሐኪሙ፦ ስለሚጽፉበት ነው ያላወቁት። መጻፍ የሚሠራው በተደፋና በቆመ መዳፍ መካከል ነው፤ እርስዎ ያጡት ደግሞ ሌላኛውን ወገን ነው። ትከሻም ያታልላል፤ መዳፉን መድፋት የተሳነው ሰው ክርኑን ከጎኑ ከፍ ቢያደርግ ትከሻው ይደፋለታል። ማንጋለል ለተሳነው ግን ክርኑ ወደ ጎድኑ መግባት ሊኖርበት ነውና ጎድኑ ይከለክለዋል፤ ትከሻ ብዙ አይረዳውም። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው የዕለት ተግባሩን ከሞላ ጐደል ሁሉ የሚፈጽመው መዳፉን 50 ዲግሪ በመድፋትና 50 ዲግሪ በማንጋለል ነው። እርስዎ በማንጋለሉ በኩል 20 ዲግሪ ቢቀርልዎ ነው። ፊትዎን እንዴት ይታጠባሉ?

የኔታ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) በግራ እጄ ብቻ። ውሃው ከቀኜ ስለሚፈስስ። እርጅና ነው ብዬ ተቀበልሁት።

ሐኪሙ፦ እርጅና እጁን መርጦ ቀኙን ብቻ አይመታም፣ የኔታ።

የኔታ፦ እሺ፤ ይቃናል ወይ?

ሐኪሙ፦ በመጀመሪያ ማወቅ ያለብን ምን እንደሚከለክለው ነው። መጋጠሚያዋ ከበላይዋ ልቅ ከረጢት ለብሳለች፤ እጅ ለረጅም ጊዜ በአንድ ወገን ታስሮ ሲቀመጥ የዚህ ከረጢት የመዳፍ ወገን ይሸበሸብና ያጥራል፤ ያን ጊዜ አጥንቱ ደኅና ቢሆንም መዳፍ አይንጋለልም። ጥፋቱ የከረጢቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትዕግሥትና ዕለት ዕለት የሚደረግ ልምምድ ብዙ ይመልሰው ነበር። በእርስዎ ላይ ግን አጥንቱም እንዳለበት እገምታለሁ። የሁለቱም እጆችዎ ራጅ፣ ከፊትም ከጎንም፣ ይነሣል፤ ግራዎ ለቀኙ መስፈሪያ ይሆናል።

የኔታ፦ ከዚያስ?

ሐኪሙ፦ ከዚያ መንገዱ ብዙ ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርኩ ዳራክ የጻፈው መንገድ የኡልናን ራስ ቈርጦ ማውጣት ነው፤ ለሽማግሌና ከባድ ለማያነሣ ሰው እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ነገር ግን ምሶሶው የጠፋበት ራዲየስ አንዳንዴ ይንገዳገዳል። በ1936 ፈረንሳዮቹ ሶቬና ካፓንጂ የኡልናን ራስ ሳያወጡ ከራዲየስ ጋር አጣብቀው፣ ከዚያ በላይ ያለውን የኡልና አጥንት ጥቂት ቈርጠው ክፍተት በመተው፣ መዞሪያውን ወደዚያ አዛወሩት። ኡልናን ብቻ ማሳጠርም አለ። እኔ ግን የተንጋደደው ራዲየስ ሆኖ ሳለ ቅጣቱን ኡልና የሚቀበልበትን መንገድ ቀድሜ አልመርጥም። ራጁ የገመትሁትን ካሳየኝ ራዲየስን በተንጋደደበት ስፍራ ቈርጬ፣ ከዳሌ አጥንት ጥቂት ወስጄ ሞልቼ፣ በብረት ሳህን አቃናዋለሁ። ደፉ ሲቃና በሩ ይታያል።

የኔታ፦ ዳግመኛ ልትሰብረኝ ነው።

ሐኪሙ፦ አዎን፤ በልክ።

የኔታ፦ በዚህ እጅ አንድ ተአምረ ማርያም ጀምሬያለሁ፤ ግማሹ ቀርቷል። ከቈረጥኸኝ በኋላ ስንት ጊዜ ብዕር አልይዝም?

ሐኪሙ፦ ጣቶችዎን በማግሥቱ አንቀሳቅሳለሁ። ቀለል ያለ ጽሕፈት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሊፈቀድልዎ ይችላል፤ ቅል ሙሉ ውሃ ማንሣት ግን አጥንቱ እስኪገጥም፣ ማለት ሦስት ወር ገደማ፣ አይሆንም። ወይም ደግሞ እምቢ ይበሉና እንዲሁ ይኑሩ፤ ይህም መንገድ ነው። እጅዎ አይሞትም፤ መጽሐፉንም ይጨርሱታል። የሚጐድልብዎ ጠበሉ፣ ጕርሻውና ፊት መታጠቡ ነው።

የኔታ፦ የሚጐድለው ይህ ብቻ ነው ትላለህ! (ስኒያቸውን በግራ እጃቸው አኑረው) ራጁን ነገ እነሣለሁ። ከመስቀል በኋላ ቍረጠኝ፤ መስቀልን ግን እንዲሁ ላክብር። እስከዚያው ጠበሉን በግራ ልቀበል?

ሐኪሙ፦ ግራዎን ከቀኙ ሥር አድርገው በሁለቱም ይቀበሉ፤ ከቀኙ የሚፈስሰውን ግራው ይይዘዋል።

የኔታ፦ ደግሞ ያን ወጌሻ ወደ አንተ እልክልሃለሁ፤ አትቈጣው። ክርን ከጎን፣ አውራ ጣት ወደ ሰማይ፣ ከዚያ ሁለቱንም መዳፎች መድፋት፣ ሁለቱንም ማንጋለል፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ በሰባት ወር ሳይሆን በሰባት ቀን ወደ ሐኪም መላክ። በሰፈራችን እጅ ሲሰበር መጀመሪያ የሚጠራው እርሱ ነውና፣ ይህን እርሱ ቢያውቀው ይሻላል።

እኔም እንዲህ እላለሁ፤ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ወር ከእጁ ላይ ጀሶ ወይም ቀርከሃ የተፈታለት ሰው በቤትህ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጠህ ክርኖቹን ከጎኑ አጣብቅለትና ሁለቱንም መዳፎቹን ወደ ሰማይ እንዲያንጋልል ለምነው።